ቅናሹ የት ገባ? የግዥ መረጃ ትንተና፣ ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ ዓምድ በድርጅቶች ግዥ መምሪያ ውስጥ በዳታ አናሊስትነት ለሚሠሩ አንባቢያን የተተወ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን መሥሪያ ቤቶች ስምም አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅት ሲኒየር ዳታ አናሊስት ሆኜ ከተመደብኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። ኃላፊዬ «ከየትኛው አቅራቢ በዓመት የስንት ብር እንደምንገዛ በአንድ ገጽ አሳዪኝ» አሉኝ። ሲስተሙን ስከፍተው ግን አንዱ አቅራቢ በአምስት ስም ተመዝግቦ አገኘሁት፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። ዝርዝሩ ወደ 4,000 ይጠጋል። ከየት ልጀምር?
ሰ. መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከስም አይጀምሩ፤ ከቲን (ከግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ይጀምሩ። ስሙን እያንዳንዱ መዝጋቢ እንዳሻው ይጽፈዋል፤ ቲን ግን ለአንድ ግብር ከፋይ አንድ ነው። የአቅራቢዎችን መዝገብ ሲያወጡ ኮዱ፣ ስሙ፣ ቲኑ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ፣ ስልኩና የመጨረሻው ግብይት ቀን አብረው ይውጡ።

የወጣውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርገው በኤክሴል አይክፈቱት። ቲን ባለ 10 አሃዝ ሲሆን ብዙዎቹ በ00 ይጀምራሉ። ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያያቸው የፊት ዜሮዎቹን ይጥላቸዋል። በ«ዳታ» ትር በኩል ያስገቡትና የቲኑንም የባንክ ሒሳቡንም ዓምድ «ጽሑፍ» ብለው ይሰይሙት። ከ15 አሃዝ የሚበልጥ የባንክ ሒሳብ ካለ ጉዳቱ ይብሳል፤ ኤክሴል ከ15ኛው በኋላ ያሉትን አሃዞች ወደ ዜሮ ስለሚለውጣቸው መልሰው አያገኟቸውም። ቀድሞ ለተቆረጠ ቲን ግን መፍትሔ አለው፦ በግራ በኩል 10 አሃዝ እስኪሞላ ዜሮ ይጨምሩ። ከዚያ 0000000000 ወይም 1111111111 የሚመስሉትን ለይተው ያውጡ። እነዚህ ሲስተሙ ያለ ቲን አላሳልፍ ሲል ሰው የሞላቸው ናቸው፤ ካልወጡ የማይገናኙ ሃምሳ አቅራቢዎች አንድ ድርጅት ይሆኑብዎታል።

ቀጥሎ ባለፉት 24 ወራት ምንም ያልተገዛባቸውን ወደ ጎን ያድርጉ። የቀሩትን በግዥ መጠን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረው ድምሩ 80 በመቶ እስኪደርስ ያሉትን ብቻ በእጅዎ ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ቡድን ከዝርዝሩ አንድ አምስተኛ እንኳን አይሞላም። 4,000ውን ሁሉ አጸዳለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ሪፖርቱን በዓመቱም አያደርስ።

ቲን የሌላቸው ሲቀሩ ወደ ስም ይሂዱ። እዚህ ላይ የፊደላችን ነገር አለ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ለኮምፒውተር ስድስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንድ የመለወጫ ሠንጠረዥ ይሥሩና ከነሙሉ ቤተሰባቸው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ወደ አንድ ዓይነት ይመልሷቸው። «ኃ.የተ.የግ.ማ»፣ «ኃ/የተ/የግ/ማኅበር»፣ «ፒኤልሲ» እና «አ.ማ» የሚሉትን ቅጥያዎች ወደ ሌላ ዓምድ ያዛውሩ፤ ነጥብ፣ እዝባርና ድርብ ክፍተት ያጥፉ። ይህ ብቻ የአማርኛውን አብዛኛውን ችግር ይፈታል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ግን «ፀሐይ»ን በአራት ዓይነት ሊያመጣ ስለሚችል የግምት ማዛመጃ፣ ማለትም የሚቀራረቡ ስሞችን የሚያጣምር መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል። የፓወር ኲሪ (የኤክሴል የመረጃ ማጽጃ መሣሪያ) የግምት ማዛመጃ የተመሳሳይነት መነሻው 0.80 ነው፤ 1 ማለት ፍጹም አንድ ነው። ለእንግሊዝኛ ስሞች በዚያው ይጀምሩ። ለአማርኛ ወደ 0.70 ዝቅ ያድርጉት፤ አንድ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ስሙ ጥቂት ፊደል ነው ያለው፣ የአንዷ ልዩነትም ነጥቡን ክፉኛ ታወርደዋለች። ከዚያ የወጣውን ጥንድ ሁሉ ሰው ይየው።

ሲስተሙ ውስጥ ግን ምንም አይሰርዙ። «የድሮ ኮድ» እና «ዋና ኮድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያሉት የማዛመጃ ሠንጠረዥ ለብቻ ይያዙ፤ ተሳስተው ከሆነ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል። የባንክ ሒሳባቸው አንድ፣ ቲናቸው ግን የተለያየ ሁለት አቅራቢዎች ካገኙ አያዋሕዷቸው። ያ ጉዳይ የውስጥ ኦዲት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ድምሩ ሲያልቅ የነጠላ ዋጋ ንጽጽር መምጣቱ አይቀርምና መለኪያውን አሁኑኑ ይፈትሹ። የኤ4 ወረቀት አንዱ ትዕዛዝ ላይ በካርቶን፣ ሌላው ላይ በሪም ይሞላል፤ በካርቶን 5 ሪም ካለ ዋጋው በአምስት እጥፍ የዘለለ ይመስላል። የአንድ ዕቃ ከፍተኛ ዋጋ ለዝቅተኛው ሲካፈል ውጤቱ 5፣ 10፣ 12 ወይም 100 አካባቢ ከሆነ ዋጋውን ከመጠርጠርዎ በፊት መለኪያውን ይጠርጥሩ። 12 ደርዘን ነው፣ 100 ደግሞ የኩንታል ኪሎ።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ክፍላችን በፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዕቃ ግምጃ ቤትና ግዥ ደግሞ በኤክሴል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዘግባሉ። ሁለቱን ሳገናኝ ከተገዛበት ቀን በፊት የገባ ዕቃ ይመጣብኛል። 7 ወይም 8 ዓመት ብደምርስ?
በ. አ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደምሩ። ወሩም ቀኑም ስለሚለያይ ዓመት በመደመር አይስተካከልም። ችግሩ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ ሲመዘገብ ነው የሚጀምረው። ኅዳር 5 ቀን 2016ን ሠራተኛው 05/03/2016 ብሎ ሲያስገባ ኤክሴል እንደ ኮምፒውተሩ ቅንብር ማርች 5 ወይም ሜይ 3፣ 2016 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። እውነተኛው ቀን ኖቬምበር 15፣ 2023 ነበር። ጥቅምት 30 ሲመጣ፣ 30/02 የሚባል የፈረንጅ ቀን ስለሌለ፣ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜን 3፣ ማለትም 03/13፣ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ማርች 13 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዓምድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ስሕተት ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ጽሑፍ ሆነው የቀሩት በሴሉ ግራ ስለሚሰለፉ በዓይን ይለያሉ፤ የሚያስቸግሩት ቀን መስለው የተቀመጡት ናቸው።

ለእነሱ የሚረዳው የትዕዛዝ ቁጥሩ ነው። የግዥ ትዕዛዝ ቁጥር በተከታታይ ስለሚሰጥ፣ በቁጥሩ ሲደረደር ቀኑም አብሮ ማደግ አለበት። ወደ ኋላ የሚዘል ቀን ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ወርና ቀኑ ተገለባብጦ ከሆነም በዚሁ ይታያል።

ለመለወጥ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፤ በረድፉ የፈረንጁ ቀን፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ የበጀት ዓመትና ሩብ ዓመት። ለ10 ዓመት ከ3,700 ረድፍ አይበልጥም። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ሲሆን ጳጉሜን 6 ከሆነች ቀጥሎ ያለው ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይብታል፤ 2016 እንደዚያ ነበር። ሠንጠረዡን አንዴ ከሞሉ ሁሉንም ፋይል በእሱ በኩል ያገናኙ። ለወደፊቱ የመመዝገቢያውን ቅጽ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይክፈሉት፤ ያኔ ኤክሴል የሚተረጉመው ነገር አያገኝም።

በሩብ ዓመት ሲያነጻጽሩም ይጠንቀቁ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን እና መስከረምን ይይዛል፤ 95 ወይም 96 ቀን ማለት ነው። ሌሎቹ ሩቦች 90 ናቸው። ምንም ለውጥ በሌለበት የመጀመሪያው ሩብ ወደ 6 ወይም 7 በመቶ ይበልጣል። በቀን አካፍለው ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ከውጭ አቅራቢያችን ጋር ተደራድረን የጥሬ ዕቃ ዋጋ አስቀንሰናል። ፋይናንስ ግን «በብር ከእጥፍ በላይ ነው የከፈልነው፤ ቅናሹ የት ገባ?» ይላል። ሁለታችንም ልክ የሆንን ይመስለኛል፤ በቁጥር ማሳየት ግን አልቻልኩም።
ዮ. ገ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ክርክር በየድርጅቱ አለ። መፍትሔው የዋጋውን ለውጥና የምንዛሪውን ለውጥ መለየት ነው። በምሳሌ እንሥራው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው።

በፊት አንዱ ቶን 1,250 ዶላር፣ ምንዛሪው 57 ብር ነበር እንበል። አሁን ዋጋው 1,180 ዶላር፣ ምንዛሪው 125 ሆነ። የተገዛው 300 ቶን ነው። በፊት አንዱ ቶን 71,250 ብር ነበር፤ አሁን 147,500 ብር ሆነ። ልዩነቱ በቶን 76,250፣ በጠቅላላው 22,875,000 ብር ጭማሪ ነው። ፋይናንስ የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ይክፈሉት። የምንዛሪው ድርሻ፦ የድሮው ዋጋ 1,250 ሲባዛ በምንዛሪው ልዩነት 68፣ ሲባዛ በ300፣ ይሆናል 25,500,000 ብር ጭማሪ። የዋጋው ድርሻ፦ 70 ዶላር ቅናሽ ሲባዛ በአዲሱ ምንዛሪ 125፣ ሲባዛ በ300፣ ይሆናል 2,625,000 ብር ቅናሽ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሲቀንሱት 22,875,000 ይመጣል። ፋይናንስ ካየው ቁጥር አንዲት ብር አልጎደለም፤ ቅናሹም የት እንደገባ ታየ።

አንድ ብልህ የፋይናንስ ሰው «ቅናሹን ለምን በድሮው ምንዛሪ አታሰላም?» ሊል ይችላል። በድሮው 57 ሲሰላ 1,197,000 ብር ብቻ ይሆንና ቀሪው ወደ ምንዛሪው ይሄዳል። ሒሳቡ ያም ትክክል ነው። እኛ የምንመርጠው አዲሱን ነው፤ ድርድሩ ባይኖር ኖሮ ድርጅቱ 1,250ውን ዶላር የሚገዛው በ125 ብር ነበርና ከካዝና ሳይወጣ የቀረው 2,625,000 ነው። ዋናው ግን የትኛውም ይሁን፣ ከዓመቱ በፊት ተስማምቶ መጻፍና ዓመቱን ሙሉ አለመቀየር ነው። ውጤቱን አይቶ ስሌት የሚመርጥ አናሊስት ሁለተኛ አይታመንም።

ከፋይናንስ ጋር የምትፈርሙት ወረቀት አንድ ገጽ ይበቃዋል። መነሻ ዋጋው የቱ ነው፤ የመጨረሻው ግዥ ነው ወይስ የ12 ወር አማካይ? ምንዛሪው የየትኛው ባንክ፣ የየትኛው ቀን ነው፤ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) የተከፈተበት ወይስ ክፍያው የተፈጸመበት? ብዛቱ በእርግጥ የተገዛው እንጂ የታቀደው እንዳይሆን። ቅናሹ ለስንት ወር ይቆጠራል? ከ12 ወር በኋላ አዲሱ ዋጋ ራሱ መነሻ ይሁን፤ አለዚያ የአንድ ዓመት ድርድር ለአምስት ዓመት ይዘፈንበታል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቫት ነው። የሚመለስ ቫት ወጪ ስላልሆነ ከሁሉም ዋጋ ላይ ይውጣ። አንዱ ፕሮፎርማ 15 በመቶውን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ሲመጣ ልዩነቱ 13.04 በመቶ «ቅናሽ» ሆኖ ይታያል። ከ13 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ቅናሽ በተደጋጋሚ ካዩ ቫቱን ይመልከቱ። ሁለተኛው፣ ያልመጣ ጭማሪን ቅናሽ ማለት ነው። አቅራቢው 12 በመቶ ልጨምር ብሎ በ5 ከተስማማችሁ፣ 7 በመቶው የተወገደ ጭማሪ ነው። ሥራው ሥራ ነው፤ ግን በጀቱ አልቀነሰም። ለብቻው ዓምድ ይሰጠው፤ ከቅናሹ ጋር በፍጹም አይደመር።

የክፍያ ቀን ማራዘምም በብር ይተመናል። የ10 ሚሊዮን ብር ክፍያ ከ30 ወደ 60 ቀን ቢራዘምና ድርጅቱ በ18 በመቶ ወለድ የሚበደር ቢሆን፣ ጥቅሙ 10,000,000 ሲባዛ በ0.18፣ ሲባዛ በ30፣ ሲካፈል ለ365፣ ወደ 147,945 ብር ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ በአንድ አምራች ኩባንያ ግዥ ክፍል እሠራለሁ፤ ኤስኤፒ የተባለውን የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው። የትዕዛዝና የኢንቮይስ ሠንጠረዦችን በኤስኪውኤል (በመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) ሳገናኝ የትዕዛዙ ድምር ከሚታወቀው በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቀመሩ ደግሞ ትክክል ነው።
ኤ. ተ.፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ የትዕዛዝ ዝርዝሩ ሠንጠረዥ ኢኬፒኦ በአንድ ዕቃ አንድ ረድፍ አለው። የታሪኩ ሠንጠረዥ ኢኬቢኢ ግን ለዚያው ዕቃ ዕቃው በገባ ቁጥር፣ ኢንቮይስ በተመዘገበ ቁጥር ረድፍ ይጨምራል። ሁለቱን በቀጥታ ሲያገናኙ የትዕዛዙ ዋጋ በየረድፉ ይደገማል። መጀመሪያ ኢኬቢኢን ለብቻው በትዕዛዝ ቁጥርና በዕቃ ተራ ቁጥር ይደምሩት፤ የዕቃ መግቢያውን አንድ ዓምድ፣ ኢንቮይሱን ሌላ ዓምድ አድርገው። በታሪክ ምድቡ ዓምድ «ኢ» ዕቃ መግባቱን፣ «ኪው» ኢንቮይስን ያሳያል። ከዚያ አንድ ለአንድ ያገናኙ።

ይህ ሲስተካከል ሌሎቹ ይወጣሉ። በኢኬቢኢ ውስጥ የተመለሰም የተሰረዘም መጠን ያለ መቀነስ ምልክት ነው የሚቀመጠው፤ አቅጣጫውን የሚነግረው የዴቢትና ክሬዲት ዓምዱ ነው። «ኤች» ክሬዲት፣ «ኤስ» ዴቢት ነው፤ ፊደሎቹ ከጀርመንኛ ስለመጡ በእንግሊዝኛ ልማድ አይገምቷቸው። በኢኬፒኦ የስረዛ ምልክት ያለባቸውን ረድፎች ያውጡ። ነጠላ ዋጋውን ሁልጊዜ ለዋጋ መለኪያው ያካፍሉት፤ ብሎን በ100 ፍሬ 450 ዶላር ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ አንዱ 4.50 እንጂ 450 አይደለም። ከጃፓን የምትገዙ ከሆነም፣ የን ሳንቲም ስለሌለው ሠንጠረዡን ጥሬውን ሲያወጡ መጠኑ በ100 ተካፍሎ ይመጣል፤ መልሰው ያባዙት።

በአጠቃላይ ሁለት ሠንጠረዥ ባገናኙ ቁጥር የረድፍ ብዛትንና የአንድ የታወቀ ዓምድን ድምር ከመገናኘቱ በፊትና በኋላ ያነጻጽሩ። ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ከውጭ እናስገባለን። በአማካይ በ60 ቀን ይደርሳል ብለን የመጠባበቂያ ክምችት በቀመር እናሰላለን፤ ሆኖም በየጊዜው ዕቃ ያልቅብናል። ቀመሩ ነው የተሳሳተው?
መ. ኃ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ቀመሩ ሳይሆን ውስጡ ያልገባው ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚያስገባው የፍጆታውን መለዋወጥ ብቻ ነው። ከጅቡቲ አልፎ፣ በደረቅ ወደብ በኩል ለሚመጣ ዕቃ የሚለዋወጠው ግን ከሁሉ በላይ የመድረሻው ጊዜ ነው።

የቀን ፍጆታው 40 ፍሬ፣ የፍጆታው መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የመራቁ መለኪያ) 10፣ የመድረሻው ጊዜ 60 ቀን፣ የጊዜው መደበኛ ልይይት 20 ቀን ይሁን። ለ95 በመቶ አስተማማኝነት ማባዣው 1.65 ነው። ፍጆታው ብቻ ሲታይ፦ 60 ሲባዛ በ10 ካሬ 6,000፤ ካሬ ሥሩ 77.5፤ በ1.65 ሲባዛ 128 ፍሬ። የጊዜው መለዋወጥ ሲጨመር፦ በ6,000 ላይ 40 ካሬ ሲባዛ በ20 ካሬ፣ ማለትም 640,000፣ ይደመርና 646,000 ይሆናል፤ ካሬ ሥሩ 803.7፤ በ1.65 ሲባዛ 1,326 ፍሬ። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። መጋዘናችሁ ውስጥ የጎደለው ይህ ልዩነት ነው።

አሁን 1,326 ፍሬ መደርደር ገንዘብ ያስራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ የ20 ቀኑን መለዋወጥ ማን እንዳመጣው ማየት ነው። ጉዞውን ቆራርጡት፦ ከግዥ መጠየቂያ እስከ ትዕዛዝ፣ ከትዕዛዝ እስከ ባንክ ፈቃድና ኤልሲ፣ ከኤልሲ እስከ ጭነት፣ ከጭነት እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ ጉምሩክ ማጠናቀቂያ፣ ከዚያ እስከ ግምጃ ቤት። ለየክፍሉ መካከለኛውን ቀንና ከመቶ 90ው የሚያልቅበትን ቀን አስሉ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ያለበት ክፍል ላይ ነው ጉዳዩ። አቅራቢው ተወቅሶ፣ ልዩነቱ የታየው ገና መጠየቂያው በራሳችሁ ፊርማ ጥበቃ ላይ ሳለ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱን የሚያጣምም አንድ ስውር ነገር አለ። የደረሱ ትዕዛዞችን ብቻ ከወሰዳችሁ እጅግ የዘገዩት፣ ገና መንገድ ላይ ያሉት፣ አይቆጠሩም፤ አማካዩም ከእውነቱ ያጥራል። ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት የታዘዙትን ብቻ ውሰዱና ያልደረሱትን እስከ ዛሬ የፈጁትን ቀን አስገቡላቸው።

ጥያቄ፦ የውስጥ ኦዲት ሁለት ጊዜ የተከፈለ ኢንቮይስ ካለ ፈልጉ ብሎናል። ኤክሴል ተደጋጋሚ የለም ይላል።
ፍ. ወ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ኤክሴል የሚያገኘው ፍጹም አንድ የሆነውን ነው። ሁለት ጊዜ የሚከፈል ኢንቮይስ ደግሞ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ራሱ ያግደው ነበር። የኢንቮይስ ቁጥሩን ከሰረዝ፣ ከክፍተት፣ ከእዝባርና ከፊት ዜሮ አጽዱት፤ የእንግሊዝኛው «ኦ» ፊደልና ዜሮ አንድ ይሁኑ። ከዚያ ሦስት ፍለጋ፦ በዋና ኮድ አንድ የሆነ አቅራቢ፣ እኩል መጠንና የጸዳው ቁጥር እኩል፤ ቀጥሎ እኩል መጠን፣ በ30 ቀን ውስጥ፣ አቅራቢው ግን በሁለት ኮድ፤ በመጨረሻ ቁጥሩ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የወጣ ደረሰኝ ከሆነ የኤፍኤስ ቁጥሩን ብቻውን አትመኑ፤ ተራ ቁጥሩ የየመሣሪያው ስለሆነ ከመሣሪያው መለያ ጋር ሲጣመር ነው ልዩ የሚሆነው። የቤት ኪራይና የጥበቃ ክፍያ በየወሩ እኩል መጠን ስላላቸው ቀድመው ይውጡ።

በዚሁ አጋጣሚ የተከፋፈለ ግዥም እዩ። ያለ ጨረታ የሚገዛበት ጣሪያ 50,000 ብር ቢሆን፣ አንድ ጠያቂ ክፍል ከአንድ አቅራቢ በ7 ቀን ውስጥ የገዛውን እየደመራችሁ ጣሪያውን ያለፈውን አውጡ። ዝርዝሩን ስትሰጡ ግን «የተጠረጠሩ» ብላችሁ አትሰይሙት። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ያልተሻሻለ ጣሪያ ራሱ ሰዉን ወደ መከፋፈል ይገፋል፤ ግኝቱ አንዳንዴ ስለ መመሪያው እንጂ ስለ ሠራተኛው አይደለም።

ጥያቄ፦ ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ልማር ወይስ ፓወር ቢአይ (የሪፖርትና የግራፍ መሥሪያ)?
ናትናኤል፣ ከዱባይ

መልስ፦ ኤስኪውኤል። ከዚያ ፓወር ኲሪ። ፓይተን ስም በማዛመድና ከፒዲኤፍ ፕሮፎርማ በማውጣት ይጠቅማል፤ ሁለቱን ሳያውቁ ግን ቅንጦት ነው።

ጥያቄ፦ በሒሳብ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለግዥ ሲኒየር ዳታ አናሊስትነት ባመለክት ፈተናው ምን ላይ ነው? የምሠራበትን ቤት መረጃ እንደ ናሙና ባሳይስ?
ሕ. ደ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የመሥሪያ ቤትዎን መረጃ ስሙን አጥፍተውም ቢሆን አያሳዩ። የአቅራቢ ዋጋ ምስጢር ነው፤ ጠያቂዎቹም «ነገ የእኛን ለሌላ ያሳያል» ይላሉ። የዓለም ባንክ በሚያበድራቸው ፕሮጀክቶች የተሰጡ ውሎችን ዝርዝር በነፃ ይለቃል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሰጡትም አሉበት። እሱን አውርደው የአቅራቢ ስሞችን ያጽዱ፣ በዘርፍና በዓመት ይክፈሉ፣ ገበያው በስንት አቅራቢ እጅ እንዳለ ያሳዩ፤ ያጸዱበትንም ሠንጠረዥ አብረው ያያይዙ። ፈታኝ ከግራፉ ይልቅ ያን ሠንጠረዥ ይመለከታል።

በፈተናው ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተበላሸ የትዕዛዝ ፋይል ነው፤ አንድ ሰዓት ይሰጥዎታል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምንም አያስሉ። አንድ ረድፍ ምን እንደሚወክል፣ ስንት ዓይነት ገንዘብ እንዳለ፣ ቫት መካተት አለመካተቱን፣ ባዶና አሉታዊ መጠን የት እንዳለ ይጻፉ። ያልገባዎትን ይጠይቁ፤ አለመጠየቅ ነጥብ ያስቀንሳል። ቀጥሎ የዕቃዎችን መቧደኛ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ፒተር ክራልጂክ በ1983 ያቀረበው ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ፣ የግዥውን የትርፍ ድርሻ በአንድ በኩል፣ የአቅርቦት ስጋቱን በሌላ በኩል የሚያስቀምጠው፣ ዛሬም መነሻ ነው። በቃል ከመናገር ይልቅ ስጋቱን በምን ቁጥር እንደሚለኩት ያዘጋጁ፦ ብቁ የሆኑ አቅራቢዎች ብዛት፣ የመድረሻ ጊዜው ስፋት፣ ዕቃው በአንድ ቀን ቢጠፋ ምርት ስንት ሰዓት እንደሚቆም። ከሒሳብ ክፍል መምጣትዎ ደግሞ ጥቅም ነው። ሦስቱን ሰነዶች፣ ትዕዛዙን፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙንና ኢንቮይሱን፣ ሲያመሳክሩ ኖረዋል፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣው ተፎካካሪዎ ያን ገና ሊማረው ነው።